የአባቴ ጨው

ንቀትን የተማርኩት ከፊደል በፊት ነው። አስተማሪዬ አባቴ ነበር፤ ለማስተማሪያ የሚጠቀመውም አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ የእናቴን ታናሽ ወንድም።

አጎቴ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ጠባብ መደብር ነበረው። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ሱሪውን አንድ እጥፍ ሰብስቦ ነው የሚሄደው፣ ለምሳ እኛ ቤት ሲመጣ እንኳ። አባቴ ስሙን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። «ነጋዴው» ነው የሚለው። ቃሉን ሲያወጣ፣ ጥርሱ መሃል የተሰነቀረ ነገር በምላሱ እንደሚፈልግ ሰው ከንፈሩን ወደ አንድ በኩል ያጣምማል። እኔም መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግቼ፣ መስታወቱ ፊት ቆሜ ከንፈሬን ማጣመም ተለማመድኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተሳክቶልኝ ስለነበር አጎቴ «ዳኛዋ» የሚል ስም አወጣልኝ።

«ዳኛዋ፣ ዛሬስ ስንት ተፈረደብኝ?» ይለኛል ገና ከበር።

መልስ አልሰጠውም። አባቴ ለማይረባ ጥያቄ መልስ አይሰጥም ነበርና።

አባቴ የኬሚስትሪ መምህር ነው። በዚያ ዓመት ግን አያስተምርም። «ራሱ ነው የለቀቀው» ተብሎ ተነገረኝ፤ እኔም ትምህርት ቤቱ ስላልመጠነው ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። እውነቱን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩን በተማሪዎች ፊት «አህያ» አለው። ይቅርታ ጠይቅ ሲባል ደግሞ፣ እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከሰው ጋር ስላመሳሰላት አህያን ይቅርታ ጠየቀ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኛ ከዚያ ወዲያ በእናቴ የላውንደሪ ደመወዝ መብላት ጀመርን።

ሥራ ሲፈታ የቀረው ነገር ቢኖር ሳሎን ውስጥ ያለው አኳሪየም ነው። ተራ የዓሣ ገንዳ አልነበረም። የባሕር ውሃ ገንዳ ነው፤ ውስጡ ድንጋይ የሚመስሉ ግን ሕይወት ያላቸው ኮራሎች ይኖራሉ። ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው። አንዱ አንጎል ይመስላል። አንዷ ደግሞ አረንጓዴ ጣቶች አሏት፤ ደስ ሲላት በውሃው ፍሰት ታወዛውዛቸዋለች፣ ሲከፋት ወደ ውስጥ ትስባቸዋለች። እሷን «ጣታሟ» እንላት ነበር። ሶፋው ተቀዶ፣ ግድግዳው ቀለም እያጣ፣ ያ ገንዳ ብቻ የሀብታም ቤት መስኮት መስሎ ያበራል።

አጎቴ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ከአደባባዩ ጎን ያለው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ውስጥ ትልቅ የኮራል ገንዳ አለው፤ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጇ የአጎቴ ደንበኛ ናት። መጥታ የአባቴን ገንዳ አይታ፣ ከወደደችው ሥራው የአባቴ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ሳህን ሁለቴ አጠበችው።

ችግሩ ጣታሟ ነበረች። ከተሰበሰበች ሰንብታለች።

«ጋሼ፣ ያቺ ጣታሟ ኩርምት አለች፤ አይደል?» አለ አጎቴ እሑድ ምሳ ላይ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

«እያሰበች ነው» አለ አባቴ።

«ኧረ ሳምንት ሙሉ?»

«አንተ ሳምንት ሙሉ አስበህ ስለማታውቅ ይገርምሃል።»

አፌን በእጄ ከድኜ ሳቅሁ። አጎቴም ሳቀ፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የተሰደበ ሰው መሳቅ የለበትም።

«ጨው ነው ነገሩ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ባልዲ የባሕር ጨው ላምጣልህ። ውዱን አይደለም። መካከለኛ አለ፣ ባልዲው አስቀያሚ ስለሆነ ሰው ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ኬሚስትሪ አላውቅም፤ ግን ይሄን ገዝቶ መልሶ ያመጣብኝ ደንበኛ የለም።»

«ሰዎቹ የሚከፍሉህ ለባልዲው ነው። ውስጡ ያለውን እኔ ከማዕድ ቤት፣ ከፋርማሲና ከቁምሳጥን አወጣዋለሁ።»

«ክፈለኝ አላልኩም እኮ ጋሼ። እንዲሁ ነው...»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እንዲሁ የሚሰጥ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ካየሁም ዕቃው ተበላሽቶበት ነው።»

«ሻይ ላፍላ?» አለች እናቴ። ሻዩ ፊታችን ነበር።

ከማዕድ ቤት የሚያወጣው የገበታ ጨው ነው። ከፋርማሲ የሚመጣው ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው መራራ ጨው። ከቁምሳጥን ደግሞ፣ ልብስ እንዳይሻግት የሚንጠለጠለው እርጥበት የሚመጥ ፍርፋሪ። ቤኪንግ ሶዳም ይጨምርበታል። እነዚህን ማክሰኞ ማክሰኞ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ ይደባልቅና ልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ያስቀምጣል። ቅዳሜ በሌላ ትልቅ ባልዲ የተጣራ ውሃ ሞልቶ፣ ፓምፕ ከትቶ፣ ዱቄቱን በኩባያ እያነሳ ይነሰንሳል። ከዚያ የገንዳውን አሮጌ ውሃ ቀንሶ በዚህ ይተካዋል።

«ጨው ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ ጨው ላይ አይፈስም» ይለኛል። «ምንጊዜም ትንሹ ነው ወደ ትልቁ የሚሄደው።»

ስለ አጎቴ የተናገረው መሰለኝ። አንገቴን በአክብሮት ነቀነቅኩ።

የአባቴ ቀመር ስህተት አልነበረም። አሁን ራሴ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ አይቼዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። የከዱት ዕቃዎቹ ናቸው። የገበታ ጨው እንዳይጓጉል የሚነሰነስበት ነገር አለ፤ የቁምሳጥኑ ፍርፋሪም ለልብስ እንጂ ለፍጡር ታስቦ አልተሠራም። ያ ድብልቅ ሲሟሟ ውሃውን አጥሚት ያስመስለዋል፤ ባልዲው ሥር ነጭ ጭቃ ያስቀራል። አባቴ ይህን ጭቃ በጨርቅ ይጠርግና ጨርቁን ከኔ ይደብቃል። ይህንንም ያኔ የሙያ ምስጢር ነው ብዬ ነበር።

አንድ ሐሙስ አባቴ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። ሐሙስ እናቴ ከላውንደሪው ቶሎ የምትመለስበት ቀን ነው። እኔ ጓሮ ነበርኩ። በማጠቢያ ክፍሏ መስኮት በኩል የአጎቴን ድምፅ ሰማሁና በጣቶቼ ቆሜ አየሁ።

እናቴ የጆንያ አፍ ከፍታ ይዛለች። አጎቴ የአባቴን ባልዲ አዘንብሎ ዱቄቱን ወደ ጆንያው ይገለብጣል።

«ቶሎ በል፣ ሊመጣ ነው።»

«እቴ፣ ይሄኛው ነጣ አላለም? ቢያውቅብንስ?»

«ነጭ ነጭ ነው፤ አፍስስ። ቢያውቅማ ከነባልዲው ይወረውርብሃል። ሆቴሉም ቀረ።»

«ያንቺን ባል ጨውስ ምን ላድርገው?»

«ውሰድልኝ ከዚህ ቤት።»

ከሌላ ከረጢት የራሱን ዱቄት በአባቴ ባልዲ ሞላና፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በጓሮ በር ወጣ። ሱሪው እንደተሰበሰበ ነው።

ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ነጋዴው የአባቴን ጨው እየሰረቀ ነው። አስቀያሚ ባልዲው ውስጥ ከትቶ ሊሸጠው ነው፤ ለማስመሰያ ደግሞ የማይረባ ዱቄት ተክቶበታል። እናቴ ወንድሟ ስለሆነ አዘነችለት። ለአባቴ ሮጬ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ግን የሚጣፍጥ ሐሳብ መጣልኝና ተውኩት፦ ይውሰድ። የራሱ የሆነ ምን አለው? እኛ እንደሆን የማያልቅ ዕውቀት አለን። በልቤ መጸወትኩት።

ቅዳሜ አባቴ እንደወትሮው ውሃውን አዘጋጅቶ ዱቄቱን መነስነስ ጀመረ። ፓምፑ አንጎራጎረ። ውሃው ትንሽ ጭጋግ አለና ጠራ፤ የባልዲው ሥር ወለል ብሎ ታየ። አባቴ አጎነበሰ። ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። የጨው መለኪያውን፣ ያቺን የምትንሳፈፍ ቀጭን የመስታወት ቧንቧ፣ ጣል አድርጎ አየ፤ አውጥቶ ጠረገና እንደገና ጣላት።

«አባዬ፣» አልኩት፣ «ሰው ጨውህን ሰርቆ ሌላ ቢያስቀምጥልህ ታውቃለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነው የሰረቀው?»

«ማንም። ቢሰርቅ ነው ያልኩት።»

«በዚህ ቤት እኔ የማላውቀው ነገር የለም» አለ። «ሂጂ፣ ፎጣ አምጪልኝ።»

ፎጣ ይዤ ስመለስ ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ እጁን እስከ አንጓው ባልዲው ውስጥ ከትቶ ቆሟል። በሥራው ረክቶ ነው ብዬ ፎጣውን ትከሻው ላይ አኖርኩለት። የሌባ ዱቄት እንኳ በአባቴ እጅ ሲያልፍ ጨው ይሆናል፤ እንደዚያ ነው የደመደምኩት።

በዚያው ምሽት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሐሙስ ከሰዓት የለሁም» አለ።

«የት ትሄዳለህ?» አለች እናቴ።

«ጉዳይ አለኝ። ቶሎም አልመለስም።»

ከዚያ በኋላ ይህን በየሳምንቱ ያውጅ ጀመር። እሑድ አጎቴ ባለበት ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፦ «ነጋዴው፣ ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ መጥተህ እንዳታስቸግረኝ፤ አልኖርም!»

«እሺ ጋሼ፣ ሐሙስ አልመጣም» ይላል አጎቴ፣ ሳህኑን እያየ።

ሐሙስ ሲደርስ አባቴ ሲያስተምር ያስራት የነበረችውን ክራቫት ያስራል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ይወጣል። አንድ ሐሙስ እናቴ ዳቦ ግዢ ብላ ላከችኝ። ከቤታችን ትይዩ ባለው አውቶቡስ ፌርማታ አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ጋዜጣ ዘርግቷል። አውቶቡስ መጣ፤ አልተነሳም። ሌላም መጣ፤ ገጽ ገለጠ። ዳቦ ቤቱ ጥግ ቆሜ እያየሁት ኮራሁ። ሌላው ሰው ያገኘው ላይ ይጋፋል፤ አባቴ ለእንዲህ ያለ ተራ አውቶቡስ አይነሳም። የሚመጥነውን እየጠበቀ ነው።

የሚጠብቀው አጎቴ ከጓሯችን በር ወጥቶ በመንገዱ እስኪያልፍ ነበር። አጎቴ አይቶታል። «ጆንያ ተሸክሜ ብቅ ስል ጋዜጣው ውስጥ ይቀበራል» አለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አባቴ ካረፈ ወዲያ። «እኔም አላየሁህም ለማለት የሌላውን ሰው አጥር እያደነቅኩ አልፋለሁ። ሁለት ሽማግሌ ድብብቆሽ!»

እሱ ይስቅበታል። እኔን ያስጠላኛል። ምክንያቱም የጣታሟ ጣቶች በተዘረጉ ቁጥር የአባቴ ምላስም አብሮ ይዘረጋ ነበር። ጣታሟ ተፍታታች። አንጎሉ አበጠ፣ ቀለሙ ደመቀ። ባለ ነጭ ቀበቶዎቹ ብርቱካናማ ዓሦች ከድንጋዩ ሥር ወጥተው መዋኘት ጀመሩ። አባቴም በዚያ ሰው ጨው ፊት ተቀምጦ ያንኑ ሰው ይዘልፋል።

«አየህ ነጋዴው? ከማዕድ ቤት ነው ይሄ ሁሉ።»

«አየሁ ጋሼ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ።»

«ያንተው ድንጋይ ሆኖ ነው በባልዲ የሚሸጠው።»

እኔም ከንፈሬን አጣምሜ ከጎኑ እቆማለሁ። እናቴ አንድ ቀን ጆሮዬን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ወሰደችኝና፣ «አጎትሽን እንደዚያ አትዪው» አለችኝ። «አባዬስ?» ስላት ጆሮዬን ለቃ ወደ ምድጃዋ ዞረች። አባቴን እንደፈራችው ቆጠርኩ። የፈራችው ሆቴሉ እንዳይቀርባት ነበር፤ የቤት ኪራዩ ከላውንደሪው አቅም በላይ ሆኖ፣ የሚቀጥለው ወር የት እንደምናድር አታውቅም ነበር። ይህንንም ማንም አልነገረኝም። ቤቱን በሙሉ የያዘው የአባቴ ክብር ስለነበር ለሌላ ወሬ ቦታ አልተረፈም።

ሥራ አስኪያጇ እሑድ መጣች። ረጅም ሴት ናት፤ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አጎቴ በሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ነው። እናቴ ሻይ ይዛ ቆማለች።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ገንዳውን አየች። ጣታሟ እንደዚያ ቀን አውለብልባ አታውቅም።

«ያምራል» አለች በመጨረሻ። «የእኛው ገንዳ መካነ መቃብር ሆኗል። የነበረው ሰው በርካሽ እሠራዋለሁ ብሎ አንድ በአንድ ገደለብን። እርስዎ በምን ጨው ነው የሚሠሩት?»

አባቴ እግሩን አነባበረ። «ራሴ ነኝ የምቀላቅለው።»

«ከምን?»

ዘረዘረላት። የገበታ ጨው፣ መራራ ጨው፣ ፍርፋሪ፣ ሶዳ። ሲናገር ድሮ ክፍል ውስጥ እንደነበረው ጣቱን እያነሳ ነው። ሴትዮዋ ወደ አጎቴ ዞረች።

«እርስዎ ጨው ይሸጣሉ። ይሄ ይሆናል?»

አጎቴ የተሰበሰበውን ሱሪውን ወደ ታች ጎተተ። «እያዩት እኮ ነው» አለ።

«እንግዲያው ተስማምተናል» አለች ሴትዮዋ ለአባቴ። «ወጪያችንን የሚበላው ጨው ነው። በዚህ ዋጋ እንዲህ ካበበልዎት የእኛንም ጨው እርስዎ ይቀላቅሉልናል። ሥራውም የእርስዎ ነው።»

እናቴ የያዘችውን የሻይ ትሪ ወደ ደረቷ አስጠጋች። አጎቴ አፉን ከፈተ፤ እናቴን አየ፤ ዘጋው። ሁለቱም የፈሩትን አሁን አውቃለሁ። አባቴ «እሺ» ካለ ያ ጭቃ የሆቴሉን ገንዳ ይጨርሰዋል፤ ሥራው ወር ሳይሞላው ይሄዳል። እውነቱን ከተናገሩም እዚያው ሶፋው ላይ ይሄዳል። እኔ ግን ሌባው በገዛ ወጥመዱ ተያዘ ብዬ ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኛል። በል አባዬ፣ በል!

አባቴ ተነሣ። ገንዳው አጠገብ ሄዶ መስታወቱ ላይ ያለች ጠብታ በመዳፉ ጠረገ።

«አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«የኔ ጨው ለእናንተ ይባክናል። ሆቴል ነው። ሰካራም ጣቱን ይነክርበታል፣ ልጅ ብስኩት ይጥልበታል። ለእንዲህ ያለ ገንዳ የነጋዴው ጨው ይበቃችኋል።» ከንፈሩን አጣመመ፤ ግን አጎቴን አላየውም። «ከሱ ግዙ። ያንን አስቀያሚውን ባልዲ፣ መካከለኛውን። ውዱን ልሽጥላችሁ ቢል እሺ እንዳትሉት።»

በሕይወቴ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ትልቁ ይህ መሰለኝ። ሰውየውን ከነባልዲው፣ እንግዳ ፊት፣ ሰካራም ከሚነክርበት ውሃ ጋር አንድ ላይ ጣለው! አጎቴ አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ ነው ብዬ በርካታ ዓመት አምኛለሁ።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት፣ «እርስዎ፣ አልተሰደቡም እንዴ?» አለችው።

«ተሰድቤያለሁ» አለ አጎቴ ዓይኑን እየጠራረገ። «እዚህ ቤት እሑድ እሑድ ነው። ባልዲውን መቼ ላምጣልዎት?»

እናቴ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፤ የቧንቧው ውሃ ሲፈስ ሰማሁ፤ የምታጥበው ዕቃ ግን ሲንኳኳ አልሰማሁም።

አጎቴ ይህን ሲተርክልኝ ድሮም ዛሬም በአባቴ አይፈርድም። «እንዴት ዝም አልከው?» አልኩት። «አውቆ እየተቀበለ፣ አውቆ እየሰደበህ!»

«ዳኛዋ፣» አለኝ፣ «አባትሽ አንድ ቀን "አመሰግናለሁ" ቢለኝ ኖሮ ሐኪም እጠራለት ነበር። የቻለውን ከፈለ። ቀላል አልነበረም ያቺ "ከሱ ግዙ"።»

ምናልባት። እኔ ግን የአንድን ሰው አንገት ቀጥ ለማድረግ ሁለት ሰው ሲያጎነብስ ያየሁ ነኝ፤ ያ ቀጥ ያለ አንገት አሁንም አያምረኝም። ለአጎቴ የሚቀልለት እሱ ደግ ስለሆነ ነው። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሆቴሉ አብረን ሄድን። አባቴ ክራቫቱን አስሮ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከፊት ይራመዳል። አጎቴ ያንን አስቀያሚ ባልዲ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጁ እየለዋወጠ ከኋላ ይከተላል። መንገድ ላይ አንድ የድሮ ተማሪው አባቴን አስቁሞ ሰላም አለውና፣ ወደ አጎቴ እያየ፣ «ላግዝዎት መምህር?» አለ።

«ተወው፣ ለምዶታል» አለ አባቴ።

አጎቴ ባልዲውን አስቀምጦ መዳፉን እፍ እፍ አለና መልሶ አነሣው። እኔ ሮጥ ብዬ ከአባቴ ጎን ተሰለፍኩ። ቀሚሴ ኪስ ስላልነበረው እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ እርምጃዬን ከእርምጃው ጋር አስተካክዬ ተራመድኩ።